በፀጉር አስተካካዩ እጅ ጉዳይ

ምስክር፦ የተጠርጣሪው ፀጉር አስተካካይ ባለቤት
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በባሏ ፀጉር ቤት ፎጣ አጣቢና ሒሳብ ተቀባይ
አድራሻ፦ ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ማንነቴ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ትናንት ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ የወንድሜን ጆሮ በምላጭ ሲቆርጥ አጠገባቸው ቆሜ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር።

ባለቤቴ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ደንበኛው ሁሉ ሲሸሽ መቀሱን ሰቅሎ ቤት ዋለ። አምና ሆስፒታሉ ለሙከራ ሕክምና መረጠው። ወደ ሌላ ሴል መለወጥ ከሚችል ግንደ ህዋስ በላብራቶሪ ያሳደጉትን የነርቭ ሴል አንጎል ውስጥ ይተክላሉ። ከተመረጡት ለግማሹ ሴሉ ይተከላል፤ ለግማሹ ግን ለማነጻጸር ሲባል የራስ ቅሉን በስተው ምንም ሳይተክሉ መልሰው ይሰፉታል። ማን የትኛው እንደደረሰው ሙከራው ሳያልቅ አይነገርም። ይህን አውቀን ፈርመናል። ወራት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወውና ምላጩን አንስቶ ሱቁን ከፈተ። እሰይ ነው ያልኩት! ስለዚያ ዕጣ ግን በቤታችን ትንፍሽ ያለ የለም።

ወንድሜን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ አፉ አያርፍም። ወንበሩ ላይ ሆኖ ፂሙን ሲላጭ «ስማ እንጂ አማቼ፣ ባዶውን ሰፍተው ሸኝተውህ ቢሆንስ?» አለው። እኔም «ምላስህን ይቁረጠው!» አልኩት። የተቆረጠው ግን ጆሮው ሆነ። ምላጭ የያዘው የባለቤቴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በመስታወቱ አይቻለሁ። ምላጩን ሊያርቅ ሞክሮ እጁ አልታዘዝ ስላለው የወንድሜን ጆሮ ጫፍ ቆረጠው። ደሙን ሲያይ ምላጩን ጥሎ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

ወንድሜ «ሆን ብሎ ነው» ሲል ከሷል። ባለቤቴም «አዎ፣ ተናድጄ ሆን ብዬ ነው፤ እጄ ምንም አልሆነም» የሚል ቃል መስጠቱን መርማሪው ነግረውኛል። ውሸቱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እጄ ዳግም ታመመ ከሚል ቢታሰር ይመርጣል። አንጀቴን በላው፤ ግን ሆን ብሎ ባላደረገው ነገር ሲታሰር ዝም አልልም።

ከላይ የተጻፈው በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ተነቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ለባለቤቴ ግን እንዳይነበብለት እለምናለሁ።

ፊርማ፦ የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ