ያልተነካችው ፓፓያ

ገብርኤል ምስክሬ ነው ገበየሁ፣ የምነግርህን አታምነኝም። ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ። የአሰብ መንገድ እንዴት ከረመ? ሙቀቱስ? ጎማ አልፈነዳብህም? ... ተመስገን ነው። እኛ መርሳዎች ደህና ነን። ዝናቡ ባይበዛም አላነሰም። ብርቱካኑ ይዟል። ፓፓያውማ ዘንድሮ የሕፃን ራስ አክሏል። ፓፓያ ስል ነገር ትዝ አለኝ...

ሀጂራ፣ ለወንድሜ አንድ ሻይ። ስኳር ጨመር አድርጊለት፣ ወሬው ይመረዋል።

አንተ መንገድ ላይ ሆነህ አመለጠህ እንጂ፣ በአብዮቱ በዓል ሰሞን ቀበሌው ባዛር አዘጋጅቶልን ነበር። መካኒኩ ዘውዱ ደግሞ ሲሪንቃ እርሻ ከሚሠራ ወዳጁ የተዋሳትን የንፋስ ጠመንጃ ይዞ ወጣ። አይተሃት ታውቃለህ፣ ወገቧን ሰብረህ ንፋስ የምታስጎነጫት፣ ድምፅዋ ከሽማግሌ ሳል የማይበልጥ። ጥይቷ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ስለዚህ ዘውዱ ከአሮጌ ቢስክሌት ኩሽኔታ የፈለቀቃትን፣ ከአተር የማትበልጥ የብረት ኳስ ያጎርሳታል። አፈሙዟ በአገልግሎት ብዛት ሰፍቷል፤ ወደ ታች ካዘነበልካት ኳሷ ኮለል ብላ ትወጣለች። ስለዚህ ቀና አድርጎ መያዝ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ እንኳ ከወንጭፍ በላይ ይዤ የማላውቀው ሰውዬ ቀና አድርጌ ይዤ ለዒላማ ከተደረደሩት አንድ እንቁላል ጥያለሁ።

እንዲህ ስንጫወት አንድ ጀግና መጣ። ስም አልጠራም። የጀግና ስም በሻይ ቤት ይጠራል እንዴ? ከኦጋዴን የተመለሰ፣ ሦስት ሰው አሰልፎ በአንድ ጥይት የጣለ ነው። ራሱ ነው የነገረን፤ እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? አንዳንድ ምላሰኛ እዚያ የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ጭልፋ ነበር ይላል። እኔ ሐሜት አልወድም። ደግሞስ በጭልፋ ሦስት ሰው አይጣልም ያለው ማነው? እንደ ወጡ ነው...

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይሉ የለ? የኛው በሚያውቁት አገር ነው ያለው። ድፍረቱን አታደንቅለትም? አሁን ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄደውን ልጅ የሚመርጥልን እሱ ነው። ዓይኑ የተባረከ ነው። ስንቱ የሀብታም ልጅ በፊቱ ሲያልፍ አይታየውም፣ የደሀዋን ልጅ ግን ጎሬ ቢገባ ያገኘዋል።

እትዬ ወይንሸትን ታውቃታለህ፣ ከአስፋልቱ በታች ያለችውን፣ ባሏ የሞተባትን። ያለችው በአንድ ልጇ በሞገስ ነው። እሱ ነው የሚያርስላት፣ ጣሪያዋን የሚከድንላት። ሞገስ ተመርጦ ቅዳሜ ሊጫን ነው። ያን ቀን ባዛሩ መሐል መጥታ ጀግናው እግር ላይ ወደቀች። አንድ ነው፣ የሙት ልጅ ነው፣ ተዉልኝ ብላ ለመነችው። እሱ ስለ እናት አገር ይነግራት ጀመር። በጣም ደስ የሚል ንግግር ነበር፤ ስለ እናት ብዙ አለ፣ ወደ መሬት ግን አላየም።

ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንድ ቀልደኛ... እኔ ነኝ አልልህም... "ጓድ፣ ይችን እንቁላል ከሳቱ ልጁ ይቅር ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል? መቼም እርስዎ አይስቱ" አለው።

ጀግናው ሳቀ። "ከሳትኩ ልጁ ይቀራል" አለ።

በሕዝብ ፊት ነው ያለው ገበየሁ። ዘውዱ ሰምቷል፣ ሀጂራ ሰምታለች፣ ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ... ያ ጥግ ላይ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ የተቀመጠው ሰውዬ ምነው ሻዩ ትን አለው? ጀርባውን መታ መታ አድርጉለት እንጂ፣ የሰው ልጅ አይደለም?

ዘውዱ ኳሷን አጉርሶ ጠመንጃዋን ሰጠው። ሌላው ሰው ተቀብሎ ይተኩሳል። ጀግና ግን ሳይፎክር ይተኩሳል? አባቶቻችን ሳይፎክሩ ተኩሰው ያውቃሉ? እኛም ወጉን አውቀን ማጨብጨብ ጀመርን። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም ዘሎ መሐል ገባና፣

"ዘራፍ! የበረሃው አንበሳ፣
ደረት መትቶ ጀርባ የሚበሳ!"

እያለ አፈሙዟን መሬት ለመሬት እየጎተተ ተንጎራደደ። ኳሷ ኮለል ብላ ወረደች። ሁላችንም አየን። ማን ይናገር? በጀግና ፉከራ መሐል ገብቶ ጥይትህ ወደቀ ማለት ነውር አይደለም? የሀጂራ ዶሮ ከኋላው መጥታ አተር መስሏት ለቀም አደረገቻት። ጀግናው ተንበረከከ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ቃታውን ሳበ። ፍስስ... እንቁላሏ ሽፋሽፍቷን እንኳ አላርገበገበችም።

ነፋስ ነው የወሰደብኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ከነፋስ በቀር የወጣ ነገርም አልነበረ። ደግሞ እንቁላል ትንሽ ናት፣ ዓይን ታታልላለች አለ። እኛ ለጀግና እንሰስታለን? በእንቁላሏ ቦታ ብርቱካን አስቀመጥንለት። ዘውዱ አጎረሰ። ከበፊቱ ይበልጥ አጨበጨብን፣ አንዱ ሽማግሌማ የአባትህን ፎክርልን ብሎ ለመነው። የአባቱን ፎከረ፣ የአያቱን ጨመረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አበው፣ ሲፎክሩ ያጎረሱት ሲፎክሩ ይወድቃል ማለትን ለኛ ትተውልን ኖሯል። ዶሮዋ ቦታዋን ይዛ ትጠብቅ ነበር። እትዬ ወይንሸት ከኋላችን ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሰው ለተኳሽ ይጸልያል፣ እሷ ለብርቱካን ትጸልይ ነበር። ጸሎቷም ደረሰ።

ከዚያ ፓፓያ መጣ። ያቺን ነው የሕፃን ራስ ያልኩህ። ትንሽ ብንቆይ ዝሆን ከየት ልናመጣለት ነበር? ለፓፓያዋም ፎከረ፣ ለፓፓያዋም ነፋስ ላከላት። ዶሮዋ ያን ሁሉ ብረት ውጣ መራመድ አቅቷት ታቅፋ ገባች። ዛሬ የምትጥለውን እንቁላል በመዶሻ ነው የምንሰብረው፣ ከፈለግህ ሀጂራን ጠይቃት።

በመጨረሻ ጀግናው ተናደደ። ዝም በሉ አለን። እልልታውን ከለከለ፣ ጭብጨባውን ከለከለ። ዘውዱ አጎረሰለት፤ እሱም ሳይፎክር፣ ጠመንጃዋን ቀና እንዳደረገ ወደ ትከሻው ወሰዳት። ገበየሁ፣ ኳሷ ውስጥ ናት። ፓፓያዋ ከዚህ እስከዚያ በር አትርቅም። እትዬ ወይንሸት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጧ አለ አንድ ነገር። ፓፓያዋን ስናይ ቆማለች። ዞር ስንል ከአስፋልቱ ማዶ፣ እዚህ፣ የሀጂራ ማንቆርቆሪያ ሆዷን ተበስታ ሻይ ታፈሳለች። ማንቆርቆሪያዋ ለአገር ጠላት ኖራ ይሆን? እኛ ምን እናውቃለን፣ እሱ ነው የሚያውቅ።

ሞገስ ቀረ ብለን ልንተቃቀፍ ስንል ጀግናው ጠመንጃዋን ዘውዱ ላይ ወረወረና፣ ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው፣ እኔ ያልኩት በእውነተኛ ጠመንጃ ነው፣ ልጁ ቅዳሜ ይጫናል አለ። ሰው ቃሉን በላ ይለዋል። ስሙን ሲያጠፉ ነው። እኔ እሱ አልበላም ባይ ነኝ። ቃሉንም እንደ ፓፓያዋ በደንብ አነጣጥሮ ሳተው እንጂ። ለነገሩ... ዛሬ ገና ሐሙስ ነው። ጀግና ሰው ተቀምጦ ሻዩን ሲጠጣ ያለው ነገር ትዝ ሊለው ይችላል። አይችልም? ጮክ ብዬ አወራሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ፣ ጆሮዬ ከባድ ስለሆነ ነው።

እትዬ ወይንሸት ያን ቀን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደሱ ሄደች። እንደገና ልትወድቅለት ነው ብለን ፊታችንን አዞርን። እሷ ግን ትከሻውን ሳመችው፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ እኛም አሜን ለማለት ባርኔጣችንን አወለቅን።

"እግዜር ያክብርህ ልጄ" አለችው፣ "ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። ሞገሴ በሚሄድበት ግንባር፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ የሚያነጣጥርበት ሁሉ... እንዳንተ ያለ ተኳሽ ይሁንለት።"