ሐኪሟ ያልመረጠችው መድኃኒት

ዳኛውን ያገኘኋቸው ፈጽሞ ባላሰብኩት ቦታ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴን ለመውሰድ ሆስፒታል ሄጄ ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲለኝ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ በረጅሙ ኮሪደር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የደም ሕክምና ክፍል በር አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳውን ሳይደገፉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አቀማመጣቸውን አየሁና አወቅኋቸው። በወጣትነቴ ነፍሴን እስክስት የምደግፈውን ቡድን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በፍፁም ቅጣት ምት ዋንጫ ያሳጡት እሳቸው ናቸው።

«ዳኛው! ያችን ቅጣት ምት ዛሬም አልረሳኋትም» አልኳቸው እጄን እየዘረጋሁ።

«ጥፋት ነበር መምህር» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር። አሁን ግን እጄን እንደያዙ ቀሩ።

«ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጄ ናት።»

ልጃቸውን አውቃታለሁ። ሰዋስው ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ናት፤ የለበስኩትን ኮት ገበር እንኳ የቀየረችልኝ እሷ ናት። የደም ካንሰር ይዟት ወራት በመድኃኒት ስትታገል መክረሟን ሲነግሩኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«በሽታው አሁን ተኝቷል ይላሉ» አሉ ዳኛው። «ግን ይነቃል። እንዳይነቃ የሰው መቅኔ ያስፈልጋታል አሉ። ወንድሟን መረመሩት፤ ልክክ አለላት።»

«ይኸማ የምሥራች ነው! ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?»

ባርኔጣቸውን አንዴ አዙረው መለሱት። «ሊሞክሩባት ነው መምህር። የወንድሟን ከመስጠታቸው በፊት የሚሰጧት መድኃኒት አለ። እሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የትኛው እንደሚሰጣት ዕጣ ይጣላል አሉኝ። ልብ ይበሉ፣ ዕጣ! በበግ ነው ወይስ በሰው ልጅ?»

ይህን ሲሉ ወንድ ልጃቸው በሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ። የሒሳብ መምህር ነው፤ መቅኔው የገጠመላትም እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና አንዱን ብርጭቆ ለአባቱ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጥቶ ራሱ ባዶ እጁን ቆመ።

«አባባ፣ መምህርን አስደነገጧቸው» አለ።

«ላስደንግጣቸው እንጂ! አንተ ቁጥር ስላወቅህ ሁሉ ነገር ቁጥር ይመስልሃል። እህትህ ቁጥር አይደለችም።»

ልጁ አልተቆጣም። ዘወር ብሎ ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር። የወንድሟ ጤነኛ መቅኔ ገብቶ ቦታ እንዲያገኝ በመጀመሪያ የታመመው የእሷ መቅኔ መጥፋት አለበት። የሚያጠፋው መድኃኒት ነው። የተለመደው መድኃኒት ኃይለኛ ነው፤ በሽታውን ጠርጎ ያወጣል፤ ነገር ግን እሱን ራሱን ሰውነታቸው ሳይችለው የሚሞቱ አሉ። አዲሱ ለዘብ ተደርጎ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮበታል። ለሰውነት ይራራል፤ በሽታውን ግን የተለመደውን ያህል ይጠርገው አይጠርገው ገና አልታወቀም። ስለዚህ የብዙ ሆስፒታል ሐኪሞች ተስማምተው ሁለቱን እያስተያዩ ነው።

«የታወቀው እያለ ያልታወቀውን ምን ቤት አመጣው?» አሉ ዳኛው።

«አባባ፣ የተለመደ ነው እንጂ የታወቀ አይደለም። ከሌላው ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን የሚያውቅ የለም።»

«ዶክተሯ ታውቃለች!»

«አታውቅም።»

«እሱማ እሷም ብላኛለች» አሉና አንገታቸውን ሰበሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ ነገሩኝ። «ትናንት ለእነሱ ሳልናገር ብቻዬን ገባሁባት። 'እንደ አባትሽ ቁጠሪኝ ልጄ፤ ዕጣውን ተይውና የሚሻለውን አንቺው በጎን ምረጪላት፤ ማንም አይሰማም' አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'የሚሻለውን ባውቅ ኖሮ ጥናቱ ባላስፈለገ ነበር አባቴ፤ አላውቅም።' እስቲ ይፍረዱ መምህር። ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

አልሰማሁም። ወደ ሐኪም ቤት የምንሄደው የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው፤ አላውቅም የሚል ሐኪም ሲገጥመን መሬት ይከዳናል። ይሁንና በዕድሜዬ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ያደረሱትን ጉዳት ሌላ ሰው ነው ያቃናው።

ልጁ አባቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ ከጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍል ድረስ የሚመጣብዎ ሰው ነበር? 'የእኛን ነገር አደራ' የሚል?»

«ስንት ጊዜ! ክርኑን ይዤ ነበር ወደ በሩ የምሸኘው።» ጀርባቸው ይበልጥ ቀና አለ። «በጎን የሚመጣ ሰው አልወድም።»

ይህን ብለው ዓይናቸውን ወደ ዶክተሯ በር መለሱ። ልጁ የነገሩ ጫፍ እንደተያዘለት አውቋል፤ ጨዋ ስለሆነ ግን አልጎተተውም። ቀስ ብሎ ሌላ ጠየቃቸው።

«ሳንቲሙንስ ለምን ይወረውሩ ነበር?»

«አንደኛው ጎን ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ነፋስም አለ። ዳኛ እኔ ልምረጥ ካለ፣ ባይታወቀው እንኳ ለወደደው ያደላል። ሳንቲም ግን ዘመድ የለውም።»

«ዶክተሯም እንደዚያው ናት። እሷ የምትመርጥ ቢሆን፣ ሳይታወቃት ደከም ያለውን በሽተኛ ለለዘብተኛው፣ ጠንከር ያለውን ለኃይለኛው መድኃኒት ትሰጣለች። መጨረሻ ላይ ሰውየው የዳነው በመድኃኒቱ ይሁን በጉልበቱ በምን ይለያል? ዕጣው ይህን ለመከልከል ነው እንጂ ሕይወቷን ንቀው አይደለም።»

ዳኛው ተረቱ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የተሸነፈ በሳምንቱ ተመልሶ ይጫወታል። ልጄ ግን…» ባርኔጣቸውን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

የአባት ፍርሃት በክርክር የሚረታ ነገር አይደለም። ይህን የማይረዳ ተማሪ የፈለገውን ያህል ቢማር አልተማረም እላለሁ፤ ይህኛው ልጅ ግን ተረድቶት ክርክሩን ተወ።

በሩ ተከፈተና ልጅቱ ወጣች። ራሷን በሻሽ አስራለች፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍናለች። ዓይኖቿ ብቻ የድሮዎቹ ናቸው። ከእኔ ፈንጠር ብላ በአንገቷ ሰላምታ ሰጠችኝ። እጅ መጨበጥ አልተፈቀደላትም።

«ድምፃችሁ ውስጥ ድረስ ይሰማል» አለች። «መምህር፣ ኮትዎ እንዴት ነው?»

«ከእኔ ይሻላል» አልኳት። በዓይኗ ሳቀች።

ከዚያ ከአባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ እርስዎ ካልመረቁኝ አልፈርምም ብያለሁ፤ አሁንም ቃሌ ነው። በሽታው ሳይነቃ ግን መወሰን አለብን። በዚህ ሳምንት መልስ እንድሰጥ ነው የሚጠብቁት።»

«ጥናቱ ይቅርና የተለመደውን ይስጡሽ፤ ያኔ እመርቅሻለሁ።»

«የተለመደውም ያስፈራኛል እኮ! ጥናቱ ውስጥ ባልገባም መድኃኒቱ አይቀርልኝም። ሁሉንም ጠይቄያቸዋለሁ። ከሐኪሞቹ ውጭ ሆነው የሚከታተሉ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው መድኃኒት ጎጂ መሆኑ ከታየ ያስቆሙታል። ከጥናቱ ልውጣ ባልኩ ጊዜ መውጣት እችላለሁ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ግን የወንድሜን መቅኔ ሳልቀበል ወደ ቤት መመለስ የለም፤ የራሴ ጠፍቷላ። ይህንንም አልደበቁኝም።»

«አንቺ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ አባባ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።» አለችና ሻሿን አጥብቃ ቀጠለች። «ደግሞ አንድ ነገር አስባለሁ። ይህ የተለመደ የሚሉት መድኃኒት ከሰማይ አልወረደም። ከእኔ በፊት የታመሙ ሰዎች እሺ ብለው ተጠንቶባቸው ነው የተለመደው። የእነሱም አባቶች እንደዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።»

ዳኛው ባርኔጣቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ዓይናቸው ቀልቷል። እየተመለከትኳቸው ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«በጎን ገባሁባት'ኮ» አሉ ለራሳቸው ይመስል። «ክርኑን ይዤ ሳስወጣው የኖርኩትን ሰውዬ ሆንኩ። እሷ እኔን ክርኔን ይዛ አላስወጣችኝም፤ ወንበር ሰጥታ ነው እውነቱን የነገረችኝ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እንዳይነኳት የተነገራቸው እጃቸውን ከሻሿ በላይ አየር ላይ ዘረጉና፣ «ፈርሚ ልጄ። መርቄሻለሁ። ያስችልሽ፤ ወንድምሽንም ከነጉልበቱ ያቁመው» አሉ። ቀጥለውም የዶክተሯን በር አንኳኩ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ዳኛው ናቸው፤ ሜዳ ላይ እንኳ እንደዚያ ተቆጥተው አላውቅም።

«ጉድ ሆንን መምህር! ዕጣው አሮጌው ላይ ወጣ! ያ ለሰውነት የሚራራው አዲሱ አመለጣት!»

«ጥናቱ ይቅርና አሮጌውን ይስጧት ብለው ያስቸገሩት ሰው ማን ነበሩ?»

በስልኩ ውስጥ ሳቃቸውን ሰማሁ፤ በመሃል ወደ ለቅሶ የተጠጋ፣ ግን ሳቅ ነው። «ለካ ሳንቲሙ ወደ ላይ ሲወጣ ነው ሰው ልቡ የፈለገውን የሚያውቀው» አሉኝ። «የትኛው እንደሚሻል ግን ዛሬም አላውቅም። ዶክተሯም አታውቅም።»

የተከተሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። መድኃኒቱ አፏን አቆሰለው፤ ትኩሳቱ አልለቅ አላት። ከወንድሟ ክንድ ከተቀዳ ደም ተለይቶ በከረጢት የተሰቀለላትን መቅኔ የሚሆን ሕዋስ ዳኛው በመስታወት በኩል ቆመው ጠብታ በጠብታ አዩት። ከዚያ ጥበቃ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ዶክተሯ ወጥታ የወንድሟ መቅኔ ሥራ መጀመሩን ነገረቻቸው፤ የደም ዓይነቷም ቀስ በቀስ ወደ እሱ እየተለወጠ ነው አለቻቸው። ዳኛው በመስታወቱ በኩል ጮኸው፣ «እንደ ወንድምሽ ማርፈድ እንዳትጀምሪ!» ብለው ነርሶቹን ሁሉ አሳቁ። በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ ገና ለዓመታት ትጠበቃለች፤ ይህንንም ዶክተሯ አልደበቀችም።

መድኃኒቴን ልወስድ የሄድኩ ዕለት እንደገና አገኘኋቸው። ልጅቱ በኮሪደሩ ግድግዳውን እየዳሰሰች ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ወንድሟ ከኋላዋ ነው። አንድ ጎልማሳ ሹፌር ደግሞ የመኪና ቁልፉን በእጁ ጨብጦ ከዳኛው ፊት ይንጎራደዳል።

«ልጄ ላይ ሊሞክሩበት ነው አባቴ!» ይላል። «ዕጣ ይጣላል ይሉኛል! የእርስዎ ልጅ የትኛው ደረሳት?»

«አሮጌው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጥናት ለእሷ ምን ፈየደላት?»

ዳኛው ልጃቸው የኮሪደሩን ጫፍ ነክታ እስክትመለስ ጠበቁ።

«ለእሷ የፈየዱላት ከእሷ በፊት እሺ ያሉት ናቸው» አሉት። «የእሷ እሺታ ለሚመጡት ነው። ዶክተሯን ብትጠይቃት ለእኔ እንዳለችኝ 'አላውቅም' ትልሃለች፤ ደስ ይበልህ፣ አልዋሸችህም። ልጅህና ልጄ ተጨምረው፣ ሌሎችም ተጨምረው፣ አንድ ቀን እዚች ወንበር ላይ ለሚቀመጥ አባት 'አውቃለሁ' ትለዋለች።»

ሹፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ዳኛው ወደ እኔ ጠጋ አሉና በጎናቸው ቦታ ለቀቁለት።

«ቁጭ በል» አሉት። «እስኪገባህ ድረስ ጠይቀኝ።»