ግራዝማችን የወጋሁ ለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ነርስ ሲባል ሰው ግር ይለው ነበር፤ ያውም ሴት ነርስ! እኔ ታዲያ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ፈቃዴን ይዤ ስመለስ በእልልታ የሚቀበሉኝ መስሎኝ። ምን እልልታ አለ! ደብረ ብርሃን ብሄድ «ቦታ የለም፣ አገርሽ ሞክሪ» አሉኝ። እሺ ብዬ በዚያ ብርድ ከነጋዴ በቅሎ ኋላ ኋላ እያልኩ ወደ አንኮበር፣ ጎረቤላ ገባሁ።

ጎረቤላ ያለችው ክሊኒክ ሁለት ክፍል ናት። ኃላፊው አቶ ደምሴ ይባላሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ቦታስ አለ፤ አንቺን ግን አልቀጥርም» አሉኝ።

«ምነው ጌታዬ?»

«የዚህ አገር ወንድ በሴት እጅ መርፌ አይወጋም። ላንቺ ሱሪውን ዝቅ የሚያደርግ ይመስልሻል?»

«ወንዶቹን ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን እጠይቃለሁ፣ አውቃቸው የለ!»

«እንግዲያው እነሱው ራሳቸው ይንገሩኝ» አልኩና በሩ ላይ ቁጭ! በማግስቱም ሄድኩ፣ ቁጭ! እናቴ ሰማችና፣ «ልጄ ተይ፣ ሰው ይስቅብናል፤ ባል አግቢና እረፊ» አለችኝ። «እማዬ፣ ባሉስ መርፌ ይፈራ እንደሆን?» ብላት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች።

ታዲያ በገበያ ቀን ግራዝማች ወልዴ የሚባሉ ትልቅ ሰው እያነከሱ መጡ። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው አዳልጦ እግራቸውን መቷቸው ቁስሉ አመርቅዟል። አቶ ደምሴ ሆን ብለው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ «ግራዝማች፣ ይቺ ልጅ ትውጋዎት?» አሉ።

«ምን አልክ? በጣሊያን ጊዜ ስንቱን ስወጋ የኖርኩ ሰውዬ፣ ዛሬ በልጃገረድ ልወጋ?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምሴ ዞረው «ሰማሽ?» አሉኝ። ፊቴ እሳት መሰለ። ግን ንቅንቅ አላልኩም።

«ሰማሁ። መርፌው ይቅር፣ ግራዝማች፤ ቁስሉን ብቻ ልጠብልዎ?»

«ማጠብስ የሴት ነው፣ እጠቢ።»

እና አጠብኩ፣ በደንብ አድርጌ አሰርኩላቸው። መርፌውን አቶ ደምሴ ወጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እውነቱን ልናገር፤ መርፌ ግን እንደ ችካል ነበር የሚተክሉት! የግራዝማች ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰማ። በነጋታውም እንደዚያው፤ እኔ አጥባለሁ፣ አቶ ደምሴ ይተክላሉ፣ ግራዝማች ያገሳሉ። እግራቸው እየዳነ ሄደ፣ መቀመጥ ግን አቃታቸው፤ ቆመው ነበር የሚያወሩኝ!

አንድ ቀን ታዲያ አቶ ደምሴ መርፌውን ይዘው ጠጋ ሲሉ ግራዝማች እጃቸውን አነሱ። «ወግድ! ያቺ ልጅ ትምጣ።»

«በሴት አልወጋም አላሉም?»

«ብያለሁ! አሁን ደግሞ እወጋለሁ እላለሁ፣ ማን ይከለክለኛል?»

ገባሁ። እጄን ታጠብኩ፣ በአልኮል ጠረግኩ፣ ወጋሁ። ግራዝማች ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «በይ ቶሎ በይ እንጂ!» ይላሉ።

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ኧረ ይሙቱ በይ!»

ሱሪያቸውን እያሰሩ ወጡና ለተሰለፈው ወንድ ሁሉ፣ «ስሙ! ከእንግዲህ በዚች ልጅ እወጋለሁ፤ የሚያፍር ወንድ ካለ ደምሴ ጋ ሄዶ ይጩህ!» ብለው ለፈፉ። ያ ሁሉ ወንድ ወደ እኔ ዞረ። ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ ጠሩኝ፤ «በይ፣ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

«እስካሁን ምን ስሠራ ነበር የመሰለዎት?» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሰናይት፣ የልጅ ልጄ፣ ነርስነት ጨርሳ ሥራ ፍለጋ የምትንከራተተው፣ ይሄኔ አቋረጠችኝ። «እማማ፣ እኔን እኮ ‹ልምድ አምጪ› ነው የሚሉኝ። ሳይቀጥሩኝ ከየት አመጣለሁ?»

«ይሄን ለእነሱ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ተነሺ፣ ነጠላዬን አቀብይኝ፣ አብረን እንሄዳለን። አንቺን እምቢ ያሉ እኔን እምቢ ሲሉ አያለሁ!»