ጽዋው ከዚህ ቤት አይወጣም

ደብረ ብርሃን፣ ከፋሲካ ወዲያ ሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፤ በሰልባጅ ነጋዴዋ በይርገዱ ቤት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ማኅበር አለቃ ወይም እንደ አጠራሩ «ሙሴ» የሆኑት ጋሽ አያልቅበት መደርደሪያው ላይ ተሸፍኖ ወደተቀመጠው የማኅበሩ ጽዋ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ይርገዱ መሀል ገብታ ቆማለች።

ይርገዱ፦ እጅዎን ይሰብስቡ ጋሽ አያልቅበት! ጽዋው ከዚህ ቤት አይወጣም።

አያልቅበት፦ ዞር በይ አልኩሽ። የመጣሁት ልጨቃጨቅ አይደለም።

ይርገዱ፦ ሊጨቃጨቁ ካልመጡ ይሄ አገልግል ምንድን ነው? ጽዋውን ሊወስዱበት ክዳኑን ከፍተው እንደ ሬሳ ሳጥን ደጄ ላይ ገትረውታል!

አያልቅበት፦ ይኸው! ይኸው አፍሽ! ጽዋ ባለበት ቤት ሬሳ ትጠሪያለሽ።

ይርገዱ፦ እሺ፣ ስለ ሬሳው ይቅር ይበሉኝ። አገልግሉን ግን ይመልሱት።

አያልቅበት፦ ስሚኝ ይርገዱ። ደንቡን እኔ አልፈጠርኩትም። ጠብ ያለበት ቤት ጽዋ አያድርም። የግንቦት አምስትን ድግስ ዓምና የደገሰችው ሙሉሸዋ ታወጣለች። አንቺ አፍሽን ግሪና በሌላ ዓመት ተራሽን ጠይቂ።

ይርገዱ፦ በሌላ ዓመት! ማኅበሩ እንዲያስገባኝ ስንት ዘመን ደጅ ጠናሁ? «መጀመሪያ አፏ ይለዝብ» እያላችሁ ስታመላልሱኝ ኖራችሁ፣ እንደምንም ገባሁ፤ ይኸው የመጀመሪያ ተራዬ ነው። ጌሾውን ወቅጫለሁ፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ገበያ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። አሁን ጽዋው በጠራራ ፀሐይ ከቤቴ ሲወጣ ሰው ቢያይ፣ በየትኛው ፊቴ ነው ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የምረግጠው?

አያልቅበት፦ ይህን ማሰብ ቅርጫው ላይ ነበር።

ይርገዱ፦ ቅርጫው አለፈ።

አያልቅበት፦ ለአንቺ አለፈ! በፋሲካ ጠዋት፣ ተዋጥተን የገዛነው በሬ ታርዶ፣ መደቡ ተደልድሎ፣ ዕጣ ልጥል ጎንበስ ስል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አልሽኝ?

ይርገዱ፦ ያልኩትን ያውቁታል።

አያልቅበት፦ ድገሚው!

ይርገዱ፦ አልደግመውም። ንስሐ ገብቼበታለሁ።

አያልቅበት፦ «ነጠላ የለበሰ ጅብ» አልሽኝ!

ይርገዱ፦ እንግዲህ የአሁኑን ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የለሁበትም።

አያልቅበት፦ ትቀልጃለሽ! የሰፈሩ ልጆች ስወጣ ስገባ «አውውው» ይሉኛል። ባለፈው ዕድር ላይ ልናገር ብነሳ ከኋላ አንዱ «ፍየላችሁን አስገቡ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የእናታቸውን ለቅሶ፣ የልጃቸውን ሠርግ ሳስተባብር የኖርኩ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ ፍየል አስገቡ!

ይርገዱ፦ … እሱን አልሰማሁም ነበር።

አያልቅበት፦ የት ትሰሚያለሽ? አንቺ ወርውረሽ ዞር አልሽ፤ የሚመታው እኔን ነው።

ይርገዱ፦ እውነትዎን ነው። ያማል። ስድቡ ኃጢአት ነው፤ አልክድም። ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው።

አያልቅበት፦ የምን ጥያቄ?

ይርገዱ፦ ዕጣ የሚጥል ሰው የማንን ምልክት እንደያዘ አያውቅም፤ ወጉ እንዲህ ነው። አንዱ ጠጠር ይሰጣል፣ አንዱ እንጨት፣ እኔ የሹራብ ቁልፍ ሰጠሁ። እርስዎ ግን የራስዎ ምልክት ያቺ ከባድ የነሐስ ቀለበት ናት። ዓይን ቢጨፈን ጣት ያያል! እሷ ደግሞ በየፋሲካው የሻኛው ወፍራም ቁራጭ ያለበት መደብ ላይ ነው ዘፍ የምትለው።

አያልቅበት፦ ዕጣ የእግዜር ነው!

ይርገዱ፦ እግዜር ሻኛ ሲያድል ከእርስዎ ቤት ሌላ አድራሻ ከጠፋው እንግዲህ…

አያልቅበት፦ ይርገዱ!

ይርገዱ፦ ተውኩት። ይኸው አፌን በእጄ ይዣለሁ። አዩ? ድሮ ቢሆን እይዘው ነበር?

አያልቅበት፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይርገዱ፦ ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም።

አያልቅበት፦ ሌላው ይጨሳል፤ አንቺ ግን ትነጂያለሽ።

ይርገዱ፦ መንደዱማ ቀንሷል! ድሮ ሰው ስሰድብ ከቅድመ አያቱ ጀምሬ ነበር ወደ ታች የምወርደው። ሲሳይ የሚባለውን የጫማ ነጋዴ ይጠይቁት፤ የማያውቀውን ዘሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ግን ራስዎን ብቻ ሰደብኩ። እናትዎን አልነካሁ፣ አባትዎን አልነካሁ፣ በአንድ ጅብ ቆምኩ። ይሄ በእኔ አፍ ስንት ሱባዔ እንደሆነ ያውቃሉ?

አያልቅበት፦ ላመስግንሻ!

ይርገዱ፦ አያመስግኑኝ፤ ግን አይካዱኝ። አድጌያለሁ። እንደ ቁልቋል ጠማማ ሆኜ ይሆናል እንጂ አድጌያለሁ።

አያልቅበት፦ ደግሞ ንስሐ ገባሁ ትያለሽ። ቀኖናሽ የታለ? ስትሰግጂ ያየሽ የለም፣ ስትጾሚ ያየሽ የለም።

ይርገዱ፦ በሃምሳው ቀን ይሰገዳል እንዴ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለ፣ ስግደት የለ፤ ይሄን ለሙሴ እኔ ልንገር? የንስሐ አባቴም ግራ ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ በዐቢይ ጾም ብትሳደቢ ኖሮ ጉልበትሽ እስኪዝል አሰግድሽ ነበር» አሉኝ።

አያልቅበት፦ ኃጢአትሽም ወቅት ይመርጣል ማለት ነው።

ይርገዱ፦ ይልቅ ከስግደት የሚከብድ ሰጡኝ። «ሂጂና እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ። መጣሁ አይደል? በዳግማይ ትንሣኤ ነጭ ለብሼ በርዎ ላይ ቆምኩ።

አያልቅበት፦ ተኝቼ ነበር።

ይርገዱ፦ ሬዲዮው እያወራ?

አያልቅበት፦ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምተኛው። ይልቅ በሩ ላይ ውሻዬን ምን አልሽው?

ይርገዱ፦ ቀሚሴን ያዘኛ!

አያልቅበት፦ «እንደ ጌታህ ሥጋ ብቻ!» አልሽው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ!

ይርገዱ፦ ተኝተው?

አያልቅበት፦ … እንቅልፌ ቀላል ነው።

ይርገዱ፦ «ሄዳለች ወይ?» ብለው ባለቤትዎን ሲጠይቁም ሰምቻለሁ። እንቅልፍዎ ቀላል ብቻ ሳይሆን ተናጋሪ ነው።

አያልቅበት፦ አልፈለግኩማ! ልይሽ አልፈለግኩም። ምን ይሁን?

ይርገዱ፦ ምንም አይሁን። ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ሌላ ኃጢአት ተሸክሜ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ለእርስዎ እንዳይመስልዎት፤ ለራሴ። «አንቺ ሴት፣ ቆይ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» እያልኩ። ደግሞ ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ «ተይው ይርገዱ፤ ለአንቺ አልተሠራም። ማኅበሩም ቤተ ክርስቲያኑም ይቅርብሽ፤ ገበያሽ ውስጥ እንደልብሽ እየተሳደብሽ ኑሪ» ይለኛል። ለስላሳ ድምፅ ነው፤ የሚያዝንልኝ ይመስላል። ቤት ስገባ ጽዋው እዚያው ተቀምጧል። «ሄዳለች ወይ» አላለም።

አያልቅበት፦ ጽዋ ምን አፍ አለውና።

ይርገዱ፦ እሱ ነዋ የበለጠን! እሱ እዚህ ከገባ ወዲህ ስድብ ሲመጣብኝ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ።

አያልቅበት፦ ደጅ ያለውን እግዜር አይሰማም?

ይርገዱ፦ ይሰማል። ግን ጫማዬን አድርጌ እስክወጣ ግማሹ ይረሳኛል። የቀረውን ለአጥሩ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀንማ ወጥቼ «ምን ልል ነበር?» ብዬ እመለሳለሁ። ለእርስዎ ይሄ ቀልድ ነው። ለእኔ ገድል ነው።

አያልቅበት፦ ጽዋው የአንቺ አፍ መለጎሚያ አይደለም። ቅዱሳን የሚታሰቡበት ነው። ሰው ምን ይላል? ሁሉም «ይነጠቅ» ብሎኛል።

ይርገዱ፦ ቅርጫው ላይ አፉን ዘግቶ ሥጋውን በፌስታል ሲያጭቅ የነበረው ሁሉ ዛሬ አፍ አወጣ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮ… ይተዉት፣ ይተዉት፤ ሌላ ተረት ልፈልግ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ይሄ ይሻላል።

አያልቅበት፦ ልትደግሚው ነበር!

ይርገዱ፦ ልደግመው ነበር፤ አልደገምኩትም። ለመሆኑ ማንን ነው የምናስበው በዚህ ጽዋ?

አያልቅበት፦ ጴጥሮስና ጳውሎስን ነዋ።

ይርገዱ፦ ጳውሎስ ይቆየን፤ አሳዳጅነቱን ካነሣን ቀን አይበቃንም። ጴጥሮስ ማነው? በሰይፍ የሰው ጆሮ የቆረጠ! ጌታውን «አላውቀውም» ብሎ የማለ! እኔ ጆሮዎን ነካሁ?

አያልቅበት፦ እሱ መራራ ልቅሶ አልቅሷል።

ይርገዱ፦ እኔስ ምን አልኩ? መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ አላልኩም? ታዲያ ጌታ ምን አደረገው? አገልግል ይዞ መጥቶ «የመንግሥተ ሰማያትን መክፈቻ መልስ፤ በሌላ ዓመት ተራህን ትጠይቃለህ» አለው? ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሶ ጠበቀው እንጂ! ሬዲዮ ከፍቶ «ተኝቷል በሉት» አላለም።

አያልቅበት፦ አንቺ ነገር ታውቂበታለሽ። እኔ ግን ደንብ አስከባሪ ነኝ። ጠብ ያለበት ቤት ጽዋ አያድርም፤ አለቀ።

ይርገዱ፦ ጠብ ብቻውን አይቆምም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ የተጣላሁት ከማን ጋር ነው?

አያልቅበት፦ ከእኔ ጋር ነዋ!

ይርገዱ፦ ታዲያ በየትኛው እጅዎ ነው የሚነኩት? እርስዎስ ይዘውት ሲሄዱ በመንገድ የሚያድረው ከጠበኛ ጋር አይደለም?

አያልቅበት፦ እኔ ሙሴ ነኝ!

ይርገዱ፦ ያኛውም ሙሴ ተቆጥቶ ጽላቱን ሰብሯል። ይጠንቀቁ፤ ይሄ ሸክላ ነው።

አያልቅበት፦ አሁንስ በዛ። ዞር በይ!

ይርገዱ፦ እሺ። ይኸው ዞር አልኩ። ጽዋ ላይ መታገል ነውር ነው። ይውሰዱት። ግን በወጉ። ጽዋ ከቤት ሲወጣ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ቆመው አባታችን ሆይ ይላሉ። ይጀምሩ።

አያልቅበት፦ ይባላል እንጂ! እሱ ደግሞ ምን ችግር አለው? «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ፣ አቤቱ ወደ ፈተናም አታግባን…»

ይርገዱ፦ ቆይ፣ ቆይ! ከእንጀራው ወደ ፈተናው ምን አዘለለዎት? መሀል ላይ የቀረ አለ።

አያልቅበት፦ ፈጥኜ ነው።

ይርገዱ፦ ይመለሱ።

አያልቅበት፦ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ፣ በደላችንንም ይቅር በለን…»

ይርገዱ፦ እሷንማ ማን ይጠላል? ከሷ ቀጥሎ ያለውን።

አያልቅበት፦ … ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ይርገዱ፦ ሻኛው ነው? … ይቅርታ! ይቅርታ ጋሽዬ፣ አመለጠኝ! አዩ እንግዲህ፤ ጸሎት መሀልም አይተወኝም።

አያልቅበት፦ አፍሽ መቃብርም አይገድበው።

ይርገዱ፦ ይሆናል። ግን ልንገርዎት፤ እኔንም የሚይዘኝ እዚሁ ላይ ነው። በርዎ ላይ ካቆሙኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚህ እቆምና «እኛም የበደሉንን» ስል ያ «ሄዳለች ወይ» ያሉት ይመጣብኛል። ምላሴ ይደርቃል። ግን አልዘልም። ገበያው ይረፍድብኛል እንጂ አልዘልም። ካቃተኝ እዚያው ላይ አቁሜው እሄዳለሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ እገፋዋለሁ። እወድቃለሁ፣ አፌን ጠርጌ እነሣለሁ፣ ደግሞ እወድቃለሁ። ያ ለስላሳ ድምፅ «ተይው» ይለኛል፤ አልተወውም። እርስዎም «ተይው» ሊሉኝ መጡ፤ አልተወውም። የእኔ ሃይማኖት ይሄ ነው። የተሻለ ካለዎት፣ ያቺን ቃል ሳይዘሉ ይበሉና ጽዋዎን ይዘው ይሂዱ።

አያልቅበት፦ … አንቺ መጀመሪያ በይው።

ይርገዱ፦ አብረን። እኔ ስለ በሩ፣ እርስዎ ስለ ጅቡ።

አያልቅበት፦ ስለ ውሻዬም።

ይርገዱ፦ ስለ ውሻውም። የሻኛው ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል።

አያልቅበት፦ ይርገዱ!

ይርገዱ፦ እሺ፣ ከነሻኛው።

አያልቅበት፦ ለመጪው ፋሲካ ዕጣውን ሌላ ሰው ይጥላል። አሁን ዝም በይና ተከተይኝ። «እኛም የበደሉንን…»

ይርገዱ፦ «እኛም… የበደሉንን…»

አያልቅበት፦ «… ይቅር…»

ይርገዱ፦ አይዞዎት፤ ትንሽ ነው የቀረው።

አያልቅበት፦ «… ይቅር እንደምንል።»

ይርገዱ፦ «ይቅር እንደምንል።» … እንግዲህ ጸሎቱ ሞላ። ወጉ ደርሷል። ጽዋው ያው፤ ይውሰዱት።

አያልቅበት፦ ያንን አገልግል ከፊቴ አንሺልኝ። ይልቅ ጠላው መቼ ነው የሚጠነሰሰው? እንዳይቀጥንብሽ። ሙሉሸዋ ዓምና ያቀረበችው ጠላ ነው ይባላል? እግር መታጠቢያ! ደግሞ ዳቦዋ…

ይርገዱ፦ ጋሽዬ፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ ለእሱ ደጅ እንውጣ።