የዓርቡ ሩዝ

ሐሙስ ከሰዓት ሚዛ ካሳቫ ተሸክማ ወደ ሰፈሯ ወደ ወቴ ስትመለስ፣ ሼህ ኮምቦ መንገድ ዳር ያሰጡትን ቅርንፉድ ሲያገላብጡ አገኘቻቸው። አባቷ ፋኪ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ እሳቸው የልብ ወዳጁ ነበሩ።

«ባለፈው ዓርብ ከቤታችሁ ሰው አልመጣም» አሏት። «ባይቸግራቸው ነው ብዬ አመሰገንኩ።»

ሼህ ኮምቦ ዓርብ ዓርብ በረንዳቸው ላይ ሩዝ ያድላሉ። ለድሃው «ማስኪኒ ሁሉ ይምጣ» ተብሎ ይለፈፋል፤ የመጣው ይወስዳል፣ ያልመጣው እንደጠገበ ይቆጠራል።

«ቸግሮናል፣ ሼህ። እናቴ ኢዳ ላይ ናት፤ የባሏ ሐዘን ሳያልቅ ከቤት አትወጣም።»

«አንቺስ? እግርሽ አልታሰረም።»

«እንዳልሄድ ታናናሾቼ ያለቅሳሉ። ማስኪኒ ከተባለ ቤት የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው የለም።»

«ስድብ ነው እንዴ? ቁርኣን ውስጥ ያለ ቃል ነው።»

«ቁርኣን ውስጥ ስድብ አይደለም። በረንዳዎ ላይ ግን ሆኗል።»

«ለሽማግሌ መልስ መመለስ ነው ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ?»

«እሱንስ ከአባቴ ነው የተማርኩት።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ፋኪ ክርክር ይወድ ነበር።

«እሺ፣ ቤት ለቤት ላዙር። የተቸገረውን በምን አውቃለሁ? ውሸታሙ ይበላዋል።»

«አሁንስ ማን እየበላ ነው? ማካሜ ሁለት የኮኮናት ማሳ ይዞ ሰልፉን ይመራል።»

«ማካሜ አያፍርም።»

«በረንዳዎ የሚመግበው የማያፍረውን ነው። ምሂታጂ የምንለውስ ሰው? ልመና ልማዱ ያልሆነ፣ ዛሬ ግን የጎደለበት። እሱን ጎረቤት ያውቀዋል። ሴቶቹን ይጠይቁ፤ የማን ምድጃ እንዳልጨሰ ይነግሩዎታል።»

«አይከፋም። ከረመዳን በኋላ እናየዋለን።»

«እናቴ ነገ ራሷ እመጣለሁ ብላለች። ትንሹ ወንድሜ ታሞብናል፤ ካሳቫው አልስማማው አለ።»

የሼህ ኮምቦ እጅ ቅርንፉዱ ላይ ቆመ። «ሲቸግራት መውጣት ይፈቀድላታል» አሉ ቀስ ብለው።

«ይፈቀድላታል። ግን ሩዙ እሷ ዘንድ መሄድ ሲችል፣ እሷ ለምን ትውጣ?»

ሼሁ የተሰጣውን ቅርንፉድ ወደ መሃል ሰበሰቡ።

«እንዳትመጣ በያት» አሉ በመጨረሻ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ «ሆዲ» ብሎ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ ድምፅ ከነሚዛ ደጅ ተሰማ። ሼህ ኮምቦ ሩዝ የሞላ ቅርጫት ለሚዛ አቀበሉና፣ እናቷ ከውስጥ እንድትሰማ ጮክ ብለው «የሰፈሩ ድርሻ ነው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጥሪው ቀርቷል። ሩዙ በጎረቤት ሴቶች እጅ በየቤቱ ይገባል፤ አራሷም፣ በሽተኛውም፣ ሐዘንተኛዋም ደጅ ሳይጠኑ ያገኛሉ። ማካሜ ሴቶቹን ማታለል ስላቃተው ወደ ማሳው ተመልሷል። የፋኪ ሚስትም ኢዳዋን ቤቷ ጨረሰች። በወጣች በመጀመሪያው ዓርብ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሩዝ ስትሰፍር ዋለች።