እመት ሸክሜና ያልታጠበው እግር

በአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የልጆች አሻንጉሊት ክፍል፣ ረቡዕ ጠዋት፤ ወለሉ ዳር እስከ ዳር ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ወይዘሮ ትርንጎ «እመት ሸክሜ» የምትባለውን የጨርቅ አህያ ጭናቸው ላይ አጋድመው ይሰፋሉ፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ጆንያ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

ትርንጎ፦ ጫማህን አውልቀህ ግባ አልኩህ እኮ! ጆንያውን እዚያ ጥግ ጣለው። ሰኞ ና ሲሉት ረቡዕ!

ናሁሰናይ፦ ሰኞ ቀጠሮ የነበረኝ አይመስለኝም።

ትርንጎ፦ አይመስልህም! ስፖንጅ ሻጭ መቼ መስሎት ያውቃል? ይኸው የእመት ሸክሜ ሆድ ሦስት ቀን ባዶውን ከረመ። አህያ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ልጆች ፊት ትቅረብ?

ናሁሰናይ፦ ይቅርታ፣ ይሄ ስፖንጅ አይደለም። ደብዳቤ ነው።

ትርንጎ፦ ደብዳቤ በጆንያ?

ናሁሰናይ፦ ሁለተኛው ጆንያ መኪናው ውስጥ ነው። ዶክተር ናሁሰናይ እባላለሁ፤ ከጠፈር መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት። ሳተላይቷ የምትልከውን ፎቶ የምመረምረው እኔ ነኝ። ከአራት ወር በፊት እዚሁ ፕሮግራማችሁ ላይ እንግዳ ነበርኩ።

ትርንጎ፦ እስቲ ወደ ብርሃኑ... አይ፣ ፊትዎን አይደለም፣ እግርዎን! ውይ በሞትኩት፣ እውነትም! ይሄን ቡናማ ጫማ አውቀዋለሁ፤ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል አልቋል። ይቅር ይበሉኝ ዶክተር። እኔ አህያዋን የማናግራት ከጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ስለሆነ እንግዳ የማውቀው በጫማው ነው። ትርንጎ እባላለሁ።

ናሁሰናይ፦ እመት ሸክሜ... እርስዎ ነዎት?

ትርንጎ፦ አሥራ አንድ ዓመቴ። በፊት ልብሷን ሰፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ድምፅ የምታወጣላት ልጅ ቀረችና «እስቲ አንቺ ዝም ብለሽ አናፊ» አሉኝ። አናፋሁ፤ ይኸው በዚያው ቀረሁ። ይግቡ እንጂ! ጫማዎን ብቻ ያውልቁ።

ናሁሰናይ፦ እዚሁ ይሻለኛል። ልቀመጥም አልመጣሁም። አቤቱታ ይዤ ነው።

ትርንጎ፦ በማን ላይ?

ናሁሰናይ፦ በአህያዋ ላይ። «እግሩን ሳይታጠብ የሚተኛውን ልጅ ሳተላይቷ ከላይ ሆና ታየዋለች» ብላለች። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤታችን መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀረ። ላንብብልዎ፦ «ለውድ ሳተላይት። ትናንት ቀኝ እግሬን ብቻ ነው የታጠብኩት። ግራውን እንዳታዪው ካልሲ አድርጌበት ተኝቻለሁ።»

ትርንጎ፦ የኔ ጌታ!

ናሁሰናይ፦ «ለሳተላይት። እኔ ታጥቤያለሁ። ወንድሜ አልታጠበም። በመስኮቱ በኩል የተኛው እሱ ነው፤ እንዳትሳሳቺ።»

ትርንጎ፦ ይሄ እንኳ ሲያድግ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ናሁሰናይ፦ ይሄኛው ደግሞ ማስረጃ አያይዟል። እግሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ አትሞልናል። «ንፁህ እግሬ ይህ ነው» ይላል።

ትርንጎ፦ ካተመው በኋላስ ታጠበው?

ናሁሰናይ፦ አልጻፈም። ትልልቆቹ ይብሳሉ! አንዷ እናት «እግር ካየች ጥርስም ትጨምርልን» ትላለች። አንድ አዛውንት «ጠቦቴ ከጠፋች ሦስት ቀኗ ነው፤ የት እንዳለች እዩልኝ» ይላሉ። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ባላቸው ከሥራ ወጥተው የት እንደሚያመሹ በፎቶ እንድንልክላቸው ይጠይቃሉ።

ትርንጎ፦ ላካችሁላቸው?

ናሁሰናይ፦ እትዬ ትርንጎ!

ትርንጎ፦ አይ፣ ሰውየውን አውቃቸው እንደሆን ብዬ ነው።

ናሁሰናይ፦ አይታይም! ሳተላይቷ ያለችው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እርሻ ታያለች፤ ደን ታያለች፤ ሐይቅ ሲጎድልና ሲሞላ ታያለች። አንድ ሙሉ ቤት ራሱ ለእሷ የጤፍ ፍሬ አይሆናትም። እግር ከየት መጥቶ! ደግሞ ልጁ የተኛው እኮ ቆርቆሮ ሥር ነው!

ትርንጎ፦ ቆርቆሮውን እኔም አስቤው ነበር። ልጆቹ አልጠየቁኝም እንጂ።

ናሁሰናይ፦ አለቃዬ ቁርጡን ነግረውኛል። ቅዳሜ እመት ሸክሜ ወጥታ «ዋሽቻለሁ፤ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ እግር አይታይም» ካላለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ፎቶው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እኔ ደብዳቤ መላሽ ነኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በእጄ ጽሑፍ! ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት ስለ ካልሲ ለመጻፍ አይደለም።

ትርንጎ፦ አዝናለሁ ዶክተር። አትልም።

ናሁሰናይ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው!

ትርንጎ፦ ይስሙኝ። እመት ሸክሜ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም። «መንገድ ስትሻገሩ ግራ ቀኝ እዩ» ያለቻቸው እሷ ናት። «የማታውቁት ሰው ኑ ቢላችሁ አትሂዱ» ያለቻቸው እሷ ናት። ቅዳሜ «ዋሽቻለሁ» ትበልና፣ እሑድ አንዱ አስፋልት ዳር ቆሞ «የመኪናውም ነገር ውሸት ይሆናል» ቢልስ? አህያ ናት፤ ቀንድ የላት፣ ክንፍ የላት። ያላት መታመኗ ብቻ ነው።

ናሁሰናይ፦ ...እሱን አላሰብኩትም።

ትርንጎ፦ ማሰብስ ያኔ ነበር። ለመሆኑ «ሁሉን ታያለች» ያለው ማነው?

ናሁሰናይ፦ ማነው?

ትርንጎ፦ ቡናማው ጫማ ነዋ! እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጠው «ሳተላይታችን ከላይ ሆና ሁሉን ታያለች» አሉ። እመት ሸክሜ «ሁሉን?» አለች። «ሁሉን!» አሉ። «ያልታጠበ እግርም?» አለች። ከዚያ ምን አደረጉ?

ናሁሰናይ፦ ...ሳቅሁ መሰለኝ።

ትርንጎ፦ ሳቁ! ከጠረጴዛ ሥር ለተኛ ሰው ደግሞ ሳቅ እንጂ ፊት አይታየውም። ሲስቁ ጊዜ «እሺ ብለዋል» አልኩና ለልጆቹ ነገርኳቸው።

ናሁሰናይ፦ የይሉኝታ ሳቅ ነበር እኮ! ሰው ከአህያ ጋር በቴሌቪዥን ይከራከራል?

ትርንጎ፦ ይኸው አሁን በጆንያ እየተከራከሩ አይደል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ዶክተር።

ናሁሰናይ፦ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ሆነ?

ትርንጎ፦ አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እርስዎ ደግሞ አለቃዎን ፈርተው አህያዋን!

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ምን ይሁን? ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀረው። እመት ሸክሜ «ዋሽቻለሁ» አትል፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ አልኖር፤ ልጆቹ...

ትርንጎ፦ ልጆቹ እየታጠቡ ነው፤ እሱን አንንካው። እኔ የሚታየኝ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ መጥታ ብትናገር ነው።

ናሁሰናይ፦ ማን?

ትርንጎ፦ ሳተላይቷ። ይቺን የወተት ዱቄት ጣሳ አዩአት? ሆዷ ናት። ይሄን የእንቁላል ካርቶን ለሁለት ስንከፍለው ክንፏ። የካፖርት ቁልፍ ለዓይኗ። አንድ ዓይና ናት አይደል? እንዲህ ጠቅ ጠቅ አድርጌ... እንኩ፣ ይቅለቡ!

ናሁሰናይ፦ ኧረ ምንድን ነው ይሄ! ክንፏ እንዲህ ወደ ላይ አይቆምም።

ትርንጎ፦ ወፍ ስትበር አላዩም?

ናሁሰናይ፦ ወፍ አይደለችማ! ይሄ ክንፍ የፀሐይ ብርሃን የምትሰበስብበት ነው፤ ወደ ፀሐይ ነው የሚዞረው። ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

ትርንጎ፦ መብራቱ በግራ ነው።

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው ወደ ግራ ዘንበል። ዓይኗ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ምድር። መርፌ አለዎት? በዚህ አያያዝ ቅዳሜ ሳይደርስ ክንፏ ይወድቃል። ክሩ ወፈር ይበል።

ትርንጎ፦ እንኩ... ዶክተር፣ እየሰፉ ነው።

ናሁሰናይ፦ እያስተካከልኩ ነው።

ትርንጎ፦ በቁምዎ ከሚሰፉ ጫማዎን አውልቀው ፍራሹ ላይ አረፍ ቢሉ ምን ነበረበት?

ናሁሰናይ፦ በሩ ላይ ብርሃን ይሻላል። ድምጿን ማን ያወጣላታል?

ትርንጎ፦ እርስዎ።

ናሁሰናይ፦ እኔ? ሌላ ሰው የላችሁም?

ትርንጎ፦ ሌሎቹን አሻንጉሊቶች የምታናግረው ልጅ ወልዳ አራስ ናት።

ናሁሰናይ፦ እኔ እኮ ዶክተር ነኝ!

ትርንጎ፦ ለአህያዋ የኔ ስምንተኛ ክፍል በቅቷታል። ሳተላይቷ ግን ዶክተር ሳትፈልግ አትቀርም። በሉ ይሞክሩ። (በእመት ሸክሜ ድምፅ) «እንደምን አደርሽ እትዬ ሳተላይት!»

ናሁሰናይ፦ እ... «እንደምን አደርሽ። የምስል ጥራት አቅሜ ውስን በመሆኑ ምክንያት፣ በመሬት ገጽ ላይ የሚገኙ አነስተኛ አካላትን...»

ትርንጎ፦ «ሃአአአአም!»

ናሁሰናይ፦ ምን ሆነች?

ትርንጎ፦ አዛጋች። እሷ ካዛጋች ልጆቹ ተኝተዋል፤ ያውም እግራቸውን ሳይታጠቡ። ዶክተር፣ ስብሰባ ላይ አይደሉም። አያት ነበረዎት?

ናሁሰናይ፦ ነበሩኝ፤ የአባቴ አባት።

ትርንጎ፦ ዓይናቸው እንዴት ነበር?

ናሁሰናይ፦ ከጋራው ማዶ የሚመጣውን ሰው በአረማመዱ ይለዩታል። መርፌ ላይ ክር የማስገባላቸው ግን... ቆይ! ቆይ፣ ቆይ። «ልጆች! ዓይኔ እንደ አያታችሁ ዓይን ነው። ጋራውን አያለሁ፤ መርፌውን አላይም። እርሻውን አያለሁ፤ እግራችሁን አላይም።»

ትርንጎ፦ «ታዲያ ሁሉን ታያለች ያለኝ ሰውዬስ?»

ናሁሰናይ፦ እሱን ብንዘለው አይሻልም?

ትርንጎ፦ «እኔ አህያ ነኝ፤ የተጫነብኝን ነው ይዤ የሄድኩት። ማን ጫነብኝ?»

ናሁሰናይ፦ «...ያ ቡናማ ጫማ ያደረገው ሰውዬ ነው። ያኔ አይታይም ማለት ነበረበት፤ አላለም። አፍሯል።»

ትርንጎ፦ ጎሽ! ይኸው፣ አህያዋም ሳትዋሽ፣ እርስዎም ደብዳቤ ሳይጽፉ። «እንግዲህ ካላየሽኝ መታጠቤን ልተወዋ?»

ናሁሰናይ፦ «ታጠቢ እንጂ! እኔ አላየሁትም ማለት ጭቃው የለም ማለት አይደለም።»

ትርንጎ፦ ዶክተር! ይሄን ከየት አመጡት?

ናሁሰናይ፦ ከእናቴ። እሷ የምትለኝ ስለ ጆሮዬ ነበር።

ትርንጎ፦ ጠፈር መሥሪያ ቤት መግባት የነበረባቸውስ እናትዎ ናቸው። በቃ፣ ቅዳሜ ይሄንኑ ነው። አሁን ከላይ እስከ ታች እንለማመደው። ጫማዎን ያውልቁና ከጠረጴዛው ሥር ይግቡ፤ ጎን ለጎን ተኝተን ነው የምንሠራው።

ናሁሰናይ፦ ከነጫማዬ ብተኛስ?

ትርንጎ፦ ፍራሽ ላይ?

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው ዛሬ ይቅር። ቅዳሜ በዚያው...

ትርንጎ፦ ሳይለማመዱ? አገር እያየ «የምስል ጥራት አቅሜ» ሊሉ? አለቃዎ ይሄን ሰምተው ሰኞ ብዕር አያቀብሉዎትም?

ናሁሰናይ፦ ...እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ?

ናሁሰናይ፦ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል።

ትርንጎ፦ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።

ናሁሰናይ፦ በበርሜል ያጠራቀምናት ነበረች። ልጆቼ እሷኑ ማታ ማታ ለእግራቸው ጨረሷት፤ ለእኔ እግር አልተረፈችም። ሳተላይቷ ታየናለች ብለው።

ትርንጎ፦ የሳተላይቷ ሰውዬ ልጆች!

ናሁሰናይ፦ አስረዳኋቸው። ሥዕል ስዬ፣ በቁጥር አስልቼ አስረዳኋቸው። «እመት ሸክሜ ብላለች» አሉኝ።

ትርንጎ፦ ያለችው እሷ፤ እኔ ምን አደረግሁ?

ናሁሰናይ፦ እሺ። ይኸው፣ አወለቅሁ። እንዳይስቁብኝ ብቻ።

ትርንጎ፦ (በእመት ሸክሜ ድምፅ) «ይግቡ ዶክተር፣ ምንም አይደል። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ... መታየትስ አይታይም።»