የቅዳሜው ተሳዳቢ

ጥርሴ ቢያልቅም ጆሮዬ ገና ሙሉ ነው፤ በተለይ ለማያገባኝ ነገር። ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ስዊድን ወደ ፍሌሚንግስቤሪ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ በፔንደልቶጉ ተቀምጬ፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅ አንዱን ሰውዬ በአማርኛ ስታናግር ሰማሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በድምፅዎ ነው ያወቅኩዎት። ከአማርኛው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጋር በየቅዳሜው የሚሰዳደቡት የኮሌጅ እግር ኳስ አሰልጣኝ አይደሉም?»

«ነኝ። የዛሬውን ሰማሽ?»

«‹ከማሰልጠን ማሊያ ማጠብ ይሻለዋል› አለዎት።»

«እኔም ደውዬ ልክ ልኩን ነገርኩት!»

«ለምን አትታረቁም?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ነው።»

«እሰይ!»

«ምን እሰይ አለው? ቤቴ ስልክ የሚጮኸው እሱ የሰደበኝ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ‹ሰማህ ወይ?› እያለ ይደውላል።»

«በሌላው ቀንስ?»

«የመብራት ኩባንያ ለውጥ እያለ ውል የሚሸጥ ስዊድናዊ ይደውላል። እሱንም ቶሎ አልዘጋበትም።»



«እኔ እደውልልዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ ትሰድቢኛለሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። የእሱ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

«ታዲያ አልታረቅም ይበሏቸዋ።»

«ሽማግሌ እምቢ ይባላል እንዴ፣ ልጄ? ደግሞ አንደኛው፣ በመልክ አላውቃቸውም፣ ሰው ካላስታረቁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ነዝናዛ ናቸው አሉ።»

ነዝናዛው ሽማግሌ እኔ ነኝና፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ጎትቼ፣ ከመውረጃዬ ሁለት ጣቢያ ቀድሜ ወረድኩ።